ኧረ ታፔላውን ተዉት!

ወተቱ ቀጥኗል፣ ዳቦው አየር ብቻ ሆኗል፣ የቺካጎ ብርድ እንኳ ወጉን ረስቷል። እኛ ስንገባ ብርዱ ብርድ ነበር! ጆሮ ይቆርጣል፣ ጢም ያደርቃል፣ የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ፌርማታ ውስጥ አስጠግቶ ያዋድዳል። የዛሬው ብርድ ምኑም አይጨበጥ፤ ካፖርት ብደርብ ያልበኛል፣ ትቼው ብወጣ ሳምንት ያስተኛኛል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ታፔላ መቀያየራቸውን ግን አልቻልኩም።

አዎን፣ ታፔላ። ልጆቹ ሎጎ ይሉታል። ከሱቁ በር በላይ የሚሰቀለው ዓርማ፣ ስሙ፣ ቀለሙ፣ ከረጢቱ ላይ የሚታተመው ምልክት። የዳነ ቁስሌን የቀሰቀሱብኝ በ2025 ነሐሴ ላይ ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ እሱንም ቀይረውብናል፣ ምን ይደረግ።) ከቴነሲ የተነሣው ክራከር ባረል የሚባለው ምግብ ቤት ዓርማው ላይ ወንበር ይዞ፣ በርሜል ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነበረው። ማንንም አያስቸግርም፤ ቁጭ ብሏል። አለቆቹ ተሰበሰቡና ሽማግሌውን ከነበርሜሉ አንሥተው ባዶ ስም አስቀሩ። አገር ቀውጢ ሆነ! የኩባንያው አክሲዮን ወረደ፣ ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡ፣ በሳምንቱ ሽማግሌው ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

እኔ እዚያ ቤት በልቼ አላውቅም፤ ጨጓራዬ አይፈቅድልኝም። ግን ሽማግሌን ከተቀመጠበት ማስነሣት ምን የሚሉት ነውር ነው? በእኛ ጊዜ ወጣቱ ነበር ለሽማግሌ የሚነሣው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሥዕል እኮ ነው!» አለችኝ። ሥዕል ነው! እውነተኛው ሽማግሌ በአውቶቡስም በባቡርም ቆሞ ነው የሚሄደው፤ በሥዕል ያለው እንኳ አርፎ አይቀመጥ?

ለእኛ ለቺካጎ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ በ2006 ቀምሰነዋል። ማርሻል ፊልድስ የሚባለውን ትልቅ ሱቅ ሳያይ ያደገ ወጣት ይህን የሚያነብ ከሆነ ከልቤ አዝንለታለሁ። ስቴት ስትሪትና ዋሽንግተን ጎዳና ከሚገናኙበት የሱቁ ማዕዘን ላይ ከ1897 ጀምሮ አንድ ግዙፍ የነሐስ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ክብደቱ ከ7 ቶን በላይ ነው፤ ቀለሙም ነሐስ ሲያረጅ የሚያወጣው አረንጓዴ ነው። የቺካጎ ሰው ሲቀጣጠር «ሰዓቱ ሥር እንገናኝ» ነበር የሚባባለው። ያኔ ቀጠሮ ይከበር ነበር። እኛ ሐበሾቹ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ዘግይተን እንደርሳለን፤ የቀደመን ሰው ደግሞ ሰዓቱ ሥር ቆሞ ስንት ደቂቃ እንዳዘገየነው በትክክል እያወቀ ይናደዳል። ንዴት እንኳ ልክ ነበረው። ኖርማን ሮክዌል የሚባለው ሠዓሊ በ1945 ይህንኑ ሰዓት ሲሥል፣ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ትልቁን ሰዓት ከኪስ ሰዓቱ እያየ ሲሞላው አሳይቷል። አያችሁ? ሰው ያኔ ሰዓት ለማየት ቀና ይል ነበር። ዛሬ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው።

ውስጡማ አይወራ! በ1907 የተሠራ ጣሪያ አለው፤ ከቲፋኒ ቤት የወጣ፣ 1.6 ሚሊዮን ያህል የብርጭቆ ቁርጥራጭ ተሰካክቶ ሰማይ የሠራበት። አንገቴ የታመመው እሱን ሳይ ነው፤ ያ ሕመም ግን የሚያኮራ ሕመም ነበር። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ዎልነት ሩም የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ ለገና ከፎቁ አልፎ የሚወጣ ዛፍ ያቆሙበት ነበር። አሁንም ያቆማሉ። ግን ዛፉ እንደ ድሮው አይሸትም።

እኔ የዚያ ቤት ታማኝ ደንበኛ ነበርኩ። ያኔ ታክሲ እነዳለሁ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ በዋሽንግተን በኩል እገባለሁ፤ ሽቶ የሚረጩትን ሴቶች በትሕትና አልፌ፣ ጣሪያውን አይቼ፣ እጄን በሙቅ ውኃ ታጥቤ፣ በዋባሽ ጎዳና በኩል እወጣለሁ። ክረምቱን በሙሉ! ከእኔ በላይ ማን ተመላለሰበት? አንድ ጊዜም ከራቫት አንሥቼ አይቻለሁ። ሻጩ ጠጉሩ የሸበተ፣ ጫማው የሚያበራ ሰውዬ ነበር። «ጌታዬ፣ ይህ ቀለም ለእርስዎ የተሠራ ነው» አለኝ። ዋጋውን ገልብጬ አነበብኩና በክብር መለስኩለት። እሱም በክብር ተቀብሎ ሰቀለው። መገበያየት ማለት ይህ ነበር! አሁን ሰው ስልኩን ነካ ያደርግና ሣጥን በሩ ላይ ይወረወርለታል። «ጌታዬ» የሚል የለ፣ መልሶ የሚሰቅል የለ።

እድራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያበዛ አንድ ሰው አለ። «ጋሼ፣ በ2006 ታፔላው ሲወርድ እኮ ከቺካጎ የቀረው ታፔላው ብቻ ነበር» ይለኛል። ከዚያም ይዘረዝርልኛል። ፖተር ፓልመር በ1852 ከፈተው፤ ማርሻል ፊልድና ሌቪ ላይተር በ1865 ገቡበት፤ ይህ መልካም። በ1982 የእንግሊዝ ትምባሆ ኩባንያ ገዛው። በ1990 የሚኒያፖሊሱ ዴይተን ሀድሰን ወሰደው። በ2004 ለሴንት ሉዊሱ ሜይ ተሸጠ። በ2005 ሜይን ራሱን ሜሲስ የሚባለው ሱቅ ባለቤት የሆነው ፌደሬትድ ጠቀለለው። ፍራንጎ የተባለውን ናና ያለበት ቸኮሌት እንኳ፣ ቺካጎ የእኔ ነው ብላ የምትምልበትን፣ ያገኙት በ1929 ሲያትል ውስጥ ሱቅ ሲገዙ ነው፤ በ1999 ደግሞ ሥራውን ወደ ፔንሲልቫኒያ ወሰዱት። «በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ነበራችሁ?» ይለኛል።

የት እንሆናለን? እዚሁ! ከረጢቱ አረንጓዴ ነበራ! ከትምባሆ ሻጭ ጋር እኔ ምን ውል አለኝ? ባለቤት ይመጣል፣ ባለቤት ይሄዳል፤ ይህ የጌቶች ጉዳይ ነው። ታፔላው ግን የመንገደኛው ነው። ሳይገዛም ያየዋል፣ ሳይገባም ይቀጣጠርበታል። ሒሳብ መዝገቡን ይሸጡት፣ ይለውጡት፤ እኔ የምነዳበትን መንገድ ምልክት ማን ንኩ አላቸው? ባለቤቴ ዛሬም ኮረሪማ የምታስቀምጠው በአረንጓዴ የፍራንጎ ካርቶን ነው። አንድ ተሳፋሪ ከነጥቂት ቸኮሌቱ ታክሲዬ ውስጥ ረስቶት ወረደ፤ ጠበቅኩት፣ አልመጣም፤ ቸኮሌቱም እንዳይበላሽ በላነው። ማዕዘኑ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ከጽሑፉ ግማሹ ተፍቋል። ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ ኮረሪማው፣ ቀጥሎ ከሥር የቀረው ናና ይሸታል። የዛሬ ካርቶን እስቲ ይህን ያህል ይኑር! ገና ከበር ሳይገባ ይቀደዳል።

ለውጡ የመጣው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2006 ነው። በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን 1998። ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀር! እኛ ዶሮ ፍለጋ ስንሯሯጥ እነሱ በአገሩ ሁሉ 400 ያህል ሱቆችን በአንድ ጊዜ ሜሲስ አሏቸው። የዋሽንግተን ዲሲ ወገኖቼ ሔክትስን ያጡት ያኔ ነው። የቦስተኖቹ ፋይሊንስን፣ የፒትስበርጎቹ ካውፍማንስን፣ የሂውስተኖቹ ፎሊስን። ከየከተማው አንድ አንድ ስም ለቅመው ሄዱ። የቺካጎ ሕዝብ ግን ዝም አላለም። አቤቱታ ተፈረመ፣ ሰልፍ ተወጣ፣ ሰዉ ሰዓቱ ሥር ተሰብስቦ ጮኸ፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲመጣ እየተሰበሰበ ይጮህ ነበር።

እኔም ከሰልፈኞቹ ጎን ቆምኩ። ማለቴ፣ ቦታው ድረስ አመላለስኳቸው። በሜትር ነው፤ ትግል ትግል ነው፣ ሒሳብ ሒሳብ ነው። አንዲት አሮጊት አረንጓዴ ከረጢት ታቅፈው ከኋላ ወንበር ላይ ሲያለቅሱ፣ «አይዞዎት እማማ፣ እኛ አገር ሱቅ ብቻ አይደለም፣ መንግሥቱም አደባባዩም ስሙን ሲለውጥ አይተን ችለነዋል» ብዬ አጽናናኋቸው። የባሰ አለቀሱ።

ውሸቴን ነው? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ብዬ የማውቀው ግቢ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን አይቻለሁ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ሆነ፤ ኋላ ተመልሶ መስቀል ሆነ። ቴሌ ቦርድ ነበር፣ ባለሥልጣን ሆነ፣ ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2010 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ፤ እኅቴ ዛሬም «ቴሌ ሄጄ» ነው የምትለው። መብራት ኃይልን በ2013 ለሁለት ከፍለው ለየግሉ ስም አወጡለት፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያማው መብራት ኃይልን ነው። ሕዝብ የለመደውን ስም አይጥልም። ስም አውጪው ነው የሚደክመው።

አሁን ወደ ዓርማው ልምጣ። ትዕግሥት ስጡኝ፣ እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። አረንጓዴውን አውርደው የሰቀሉት ምን መሰላችሁ? ቀይ ኮከብ! እኔ እኮ ከቀይ ኮከብ የሸሸሁ ሰው ነኝ! ደርግ በየአደባባዩ፣ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየደብዳቤው ራስጌ ቀይ ኮከብ ሲያደርግብን ኖሯል። በ1984 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችንን ሐውልት አቁሞ፣ ከጫፉ ላይ ያስቀመጠው ቀይ ኮከብ ነው። ያንን ላለማየት በሱዳን በረሃ አቋርጬ፣ ካርቱም ተንገላትቼ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሜ ዜጋ ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በስቴት ስትሪት ስነዳ ቀና ብል፣ ጓድ ኮከብ ቀድሞኝ ደርሷል! ከጎኑም የ20 በመቶ ቅናሽ ማስታወቂያ።

የልጅ ልጄ አጣርታ መጣች። የሱቁ መሥራች ሜሲ በወጣትነቱ ዓሣ ነባሪ በሚያድን መርከብ ላይ ሲሠራ ክንዱ ላይ ኮከብ ተነቅሶ ነበር ይባላል፤ ዓርማውም የመጣው ከዚያ ነው አለችኝ። ይሁን። አክስቴም አንገቷን ሙሉ ተነቅሳ ነበር። ሱቅ ግን አልከፈተችበትም።

ኮከቡስ ይቅር፤ ፊደሉን አያችሁት? ስማቸውን የጻፉት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ በትንንሹ ነው! እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከፒስ ኮር አስተማሪ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት መምህራችን ደግሞ በአለንጋ ነበር የሚያስተምሩት። ሁለቱ በምንም ተስማምተው አያውቁም፤ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ የተጸውዖ ስም በትልቁ ፊደል ይጀመራል። ለዚህች ትምህርት መዳፌ አብጧል። ይኸው ዛሬ በቢሊዮን የሚገመት ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ስሙን በትንሽ ፊደል ይጽፋል፤ መዳፉን የሚመታው የለም። እኛማ የተባረክን ነን፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም እኩል ተከብሮ ይቆማል። በሰው ፊደል ጨክነን የተማርነውን ነው ባለቤቶቹ የሚያፈርሱት!

ከዚያ ወዲህ የቺካጎ ሰው ስም መቀየር ሱስ ሆነበት። ሲርስ ታወርን በ2009 ዊሊስ ታወር አሉት። እርግጥ ሲርስ የተባለው ኩባንያ ራሱ ከዚያ ሕንፃ ከለቀቀ ቆይቷል፤ እሱ ምን አገባው? ስሙ የሕንፃው ነው። ኮሚስኪ ፓርክ የሚባለውን ስታዲየም በየጥቂት ዓመቱ ለአዲስ ድርጅት ያጠምቁታል። ሀንኮክ የሚባለው ሕንፃ ከ2018 ወዲህ ስም እንኳ ተነፍጎ በቤት ቁጥሩ ይጠራል። ሌክ ሾር ድራይቭ የሚባለው ጎዳና በ2021 የከተማዋ መሥራች የሚባሉትን የዣን ባፕቲስት ፖይንት ዱ ሳብልን ስም ከፊቱ ተቀበለ፤ ሰውየው ጥቁር ናቸውና ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ስሙ ተነግሮ እስኪያልቅ መውጫው ያልፋል።

ባለፈው በስልክ የሚጠራ መኪና ልጄ ጠራችልኝ። ሹፌሩ የእኛው ልጅ፣ ጨዋ፣ ወርዶ በር የከፈተልኝ።

«ሲርስ ታወር አድርሰኝ፣ ልጄ» አልኩት።

«አባቴ፣ እንደዚህ የሚባል አላውቅም፤ እዚህ የተጻፈልኝ ዊሊስ ነው።»

«ያ ትልቁ ጥቁር ሕንፃ! እዚያ ይታይህ የለ?»

«ይታየኛል አባቴ፤ ግን ካርታው ካላለኝ መሄድ አልችልም።»

110 ፎቅ ያለው ሕንፃ መስኮቱ ላይ ተገትሮ፣ ልጁ መንገዱን የሚጠይቀው ስልኩን ነው! እኛ ከተማዋን በጭንቅላታችን ነበር የምንይዛት። መንገድ ስንስትም በራሳችን ጥፋት አልነበረም፤ ተሳፋሪው ወሬ ስለሚያበዛ ነው። ይህን ሁሉ ምሬቴን በድምፅ ቀድቼ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ በቴሌግራም ላክሁት። ሰው ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውልበት ዘመን ነውና ወዲያው ያዳምጡታል ብዬ ነበር፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ሚኒያፖሊስ ያለው የድሮ ወዳጄ ግን ደወለልኝ። «አንተ ስለ ፊልድስ ታለቅሳለህ፤ የእኛን ዴይተንስ ማን በላው?» አለኝ። እውነት ነው፤ በ2001 የሚኒያፖሊሶቹን ዴይተንስና የዲትሮይቶቹን ሀድሰንስን ታፔላ አውርደው ማርሻል ፊልድስ የሚል ሰቀሉላቸው። ዴይተንስ እዚያ ከ1902፣ ሀድሰንስ ዲትሮይት ውስጥ ከ1881 ጀምሮ የነበሩ ናቸው። «ይኸማ መሻሻል ነው» አልኩት። «ደኅና ስም ነበር የተሰጣችሁ። ሰው ለምን ከለውጥ ጋር አይራመድም?» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ድሮ እኮ ስልክ ሲዘጋ ድምፅ ነበረው፤ እንደተዘጋብህ ታውቃለህ። ዛሬ ማንም ሳይሰማህ እያወራህ ትቀራለህ።

የወንድሜ ልጅ ይህንኑ የዓርማ ሥራ ነው የተማረው። ዲዛይነር ነው። ትምህርቱን የከፈሉት አባቱ ናቸው፤ እግዜር ይይላቸው። ምሳ ጋብዤው ምስጢሩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዓርማ ስልክ ላይ እንደ ጥፍር አንሶ መታየት አለበት። ስለዚህ ጌጡን እናወርዳለን፣ ጥላውን እናጠፋለን፣ ፊደሉን ቀለል እናደርጋለን» አለኝ። ገባኝ። የሱቁ ሰዓት ባለ 7 ቶን የሆነው ሰው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እንዲያየው ነው፤ አሁን ግን ሰዉ ከማዶ የለም፣ አልጋው ላይ ነው። ጌጡ ወረደ፣ ጥላው ጠፋ፣ ሽማግሌው ተነሣ፤ ይኸው ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ቀረ። የባንኩን ከመድኃኒት ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱን ከጫማ ሻጩ የምለይበት ዘዴ አጥቻለሁ።

የሚያቃጥለኝ ይህ ብቻ አይደለም። ሱቅ ሲታመም ሐኪም መጥራት ትተው ቀለም ቀቢ ይጠራሉ። ሻጩን ያሰናብታሉ፣ ዕቃውን ያሳንሳሉ፣ ከዚያ ገበያተኛው የራቀው በታፔላው ምክንያት ነው ይላሉ። ጋፕ የተባለው ልብስ ሻጭ በ2010 ኦክቶበር ላይ ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ያለ ነጭ ስሙን ጥሎ፣ አንዲት ሚጢጢ ሰማያዊ ካሬ ከጥግ የተለጠፈችበት አዲስ ዓርማ አወጣ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ አሮጌውን መለሰ። ጋፕ ሰማ፣ ክራከር ባረል ሰማ። የቺካጎን ጩኸት ግን ማንም አልሰማም። ኮከቡ ተሰቀለ፤ ተሰቅሎስ ምን አመጣ? ዎተር ታወር ፕሌስ የነበረው የሜሲስ ሱቅ በ2021 ተዘጋ። እኔ ብናገር ምቀኛ እባላለሁ።

የስቴት ስትሪቱ አለ። ሰዓቱም አለ፣ ጣሪያውም አለ፣ በሕንፃው ማዕዘን ላይ የማርሻል ፊልድ ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳም አልተነቀለም። እኔ ግን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም። አቋም ማለት አቋም ነው። በክረምት ከሐኪም ስመለስ ጎራ እላለሁ፤ በዋሽንግተን በኩል ገብቼ፣ ጣሪያውን አይቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ በዋባሽ በኩል እወጣለሁ። በተቃውሞ መንፈስ ነው። ውኃውም እንደ ድሮው አይሞቅም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሰው እንዴት ለማይረባ ነገር እንደሚካረር ደግሞ ስላየሁ ነው። እናንተው ፍረዱኝ። እኔ የእድራችን ሊቀመንበር ነኝ። ማኅተማችን መሥራቾቹ ያሠሩት፣ ክብ መስመር ውስጥ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት ቀላል ነገር ነበር። ምኑም አይስብ፤ ዘመኑንም አይመጥንም። ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀምጠን አሻሻልነው። እጆቹን አውጥተን አንበሳ አስገባን፣ ከአንበሳው ኋላ የቺካጎን ሕንፃዎች፣ ከሕንፃዎቹ በላይ የምትወጣ ፀሐይ፣ በቀኝ መሶብ፣ በግራ ርግብ፣ ከሥር የአፍሪካን ካርታ። ያማረ፣ የተሟላ፣ ትርጉም ያለው ሥራ ነው። ደረሰኝ ላይ ሲመታ ትንሽ ይጠቁራል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይለያል።

ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የጥንቱ ማኅተም ይመለስ» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ! ያ መጽሐፍ አብዢ ሰውዬ ነው መሪያቸው። «እጆቹ እኛ ነበርን» ይላል። በእጅ ሥዕል እንዲህ መንገብገብ! አንዲት እናት ደግሞ በስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ «እኔ ወርኃዊዬን ስከፍል የኖርኩት በእጆቹ ማኅተም ነው፤ በአንበሳ አልቀበርም!» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። «እማማ፣ ሥዕል እኮ ነው!» አልኳቸው። ማን ይስማኝ? ሕዝባችን ለውጥ አይወድም፤ ችግራችን ይኸው ነው፤ ያረጀ ነገር ላይ ተጣብቆ መቅረት።

ለመጪው እሑድ አስቸኳይ ስብሰባ አስጠርተውብኛል። እኔም አልተኛሁም፤ አጀንዳውን አዘጋጅቻለሁ። አንደኛ፣ ስለ አባላት ሥነ ሥርዓት። ሁለተኛ፣ የእድሩን ስም ስለማሻሻል።